ጨረቃ የምትሄደው ወደ ምሥራቅ ከሆነ ለምን በምዕራብ ትገባለች?

በደብረ ብርሃን ከተማ ዳርቻ በምንኖርበት ሰፈር ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩ አንድ አረጋዊ ጎረቤት አሉን፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸው የኔታ እያለ ነው። አምና ኅዳር ላይ፣ ውርጩ ገና ከመምሸቱ መውረድ በጀመረበት አንድ ቀን፣ ልጄ ለፈተና ጮክ ብላ የምታጠናውን የሳይንስ ትምህርት በአጥር በኩል ሰምተው ኖሮ ወደ ግቢያችን ገቡና «ልጄ፣ እናንተ ጨረቃ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ትዞራለች እያላችሁ ለልጆች ታስተምራላችሁ። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳያት ከምሥራቅ፣ ከአንኮበር በኩል ወጥታ በምዕራብ፣ በጃማ በኩል ስትገባ ነው። በዓይናችን የምናየውን ትተን መጽሐፉን እንመን?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ መምህር ነኝ፤ ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ እንዲህ ፊት ለፊት የጠየቀኝ ተማሪ አላጋጠመኝም። ተማሪዎቼ «ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ» የሚለውን መልስ በፈተና ወረቀት ላይ በትክክል ያሰፍራሉ፤ ማታ ቀና ብለው የሚያዩት ግን ተቃራኒውን ስለሆነ መልሱን በቃላቸው ይዘውት እንጂ አምነውበት እንደማይጽፉት አውቃለሁ። ያን ምሽት ለየኔታ በቁርጥራጭ የመለስኩላቸውን እዚህ በተሟላ ሁኔታ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በቅድሚያ ዋናውን ነገር ላስቀምጥ። ምድር በራሷ ዛቢያ ላይ ትሽከረከራለች፤ ምድር ፀሐይን ትዞራለች፤ ጨረቃም በራሷ ዛቢያ ላይ ትሽከረከራለች፤ ጨረቃ ምድርን ትዞራለች። እነዚህ አራት እንቅስቃሴዎች በፍጥነታቸውም ሆነ በሚፈጁት ጊዜ እጅግ የተለያዩ ቢሆኑም አቅጣጫቸው አንድ ነው፤ አራቱም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ናቸው። የኔታ የሚያዩት የየዕለቱ የጨረቃ ጉዞም ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን አብዛኛው የጨረቃ ሳይሆን እኛን ተሸክማ የምትሽከረከረው የምድር ጉዞ ነው።

አቅጣጫን በቃል መግለጽ ራሱ የሚያሳስት ነገር አለው። መንዝ ውስጥ ሱፍ ስትፈትል የምትውል ሴት እንዝርቷን ከላይ ወደ ታች እያየች ነው የምታሾረው፤ እንዝርቱ ለእርሷ ወደ ግራ የሚዞር ከሆነ፣ ከእግሯ ሥር ተጋድሞ ሽቅብ የሚያይ ሕፃን ልጇ የሚያየው ያው እንዝርት ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። እንዝርቱ አንድ፣ ሽክርክሪቱም አንድ ሆኖ ሳለ ሁለቱ ተመልካቾች የሚሰጡት ምስክርነት ይለያያል፤ ሁለቱም ግን አልዋሹም። የምድርም ነገር እንደዚሁ ነው። ከሰሜን ዋልታ በላይ በጠፈር ላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚያያት ሰው ምድር የምትሽከረከረው ከግድግዳ ሰዓት መርፌ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ ከደቡብ ዋልታ በላይ ሆኖ ለሚያያት ግን ልክ እንደ ሰዓት መርፌ ትዞራለች። መጻሕፍት ሁሉ «ከሰዓት መርፌ በተቃራኒ» የሚሉት ከሰሜን በኩል ማየትን እንደ ደንብ ስለወሰዱት ብቻ ነው፤ ይህንን ሳይናገሩ ማለፋቸው ብዙ ተማሪ አደናግሯል ብዬ አምናለሁ። እኛ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ከ41 ደቂቃ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ርቀን ለምንኖር ሰዎች ሁለቱም ዋልታዎች ከአናታችን በላይ አይደሉም፤ ስለዚህ ለምድር ሽክርክሪት ከየትም ቆመው ቢያዩት የማይለዋወጠውን «ወደ ምሥራቅ» የሚለውን ቃል መያዝ ይሻለናል።

የምድርን መሽከርከር በዓይን ለማየት ከሰሜን ሸዋ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጣርማ በር አካባቢ የምኒልክ መስኮት ከሚባለው የገደል አፋፍ ላይ ማለዳ የቆመ ሰው፣ ከእግሩ በታች እስከ አፋር ቆላ ድረስ የተዘረጋውን ገና ያልነጋለትን አገር ቁልቁል ያያል። ፀሐይ ከአድማሱ ላይ በክር የምትመስል ቀይ ጠርዝ ብቅ ካለችበት ቅጽበት ጀምሮ ሙሉ ክቧ እስኪታይ ድረስ የሚፈጀው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። እኛ ፀሐይ ወጣች እንላለን፤ በእርግጥ የሆነው ግን በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ የቆምንበት ገደል፣ ከተማው፣ እርሻውና ከላያችን ያለው አየር ሁሉ አንድ ላይ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ መሽከርከሩ ነው። በደብረ ብርሃን ኬክሮስ ላይ ምድር በሰዓት 1,650 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ትከንፋለች። ፍጥነቱ የማይሰማን ወጥና የማያቋርጥ ስለሆነ፣ አየሩም አብሮን ስለሚጓዝ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከገደሉ ሥር ደብረ ሲና ላይ ሆኖ ማየት ነው፤ ደጋው ገና በፀሐይ ሳለ የተራራው ጥላ ከተማይቱን ይሸፍንና ጠርዙ ኮረብታውን እየወረደ፣ ማሳውን እያቋረጠ፣ ወደ ቆላው ወደ ምሥራቅ ይራመዳል። የዚያ ጥላ ጠርዝ እርምጃ የምድር ሽክርክሪት ራሱ ነው።

ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትሽከረከር በምሥራቅ ያለ አገር ወደ ብርሃኑ ቀድሞ ይደርሳል። ለእያንዳንዱ የኬንትሮስ ዲግሪ ልዩነቱ 4 ደቂቃ ነው። ጋምቤላ ከደብረ ብርሃን 5 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ስለሚርቅ የጋምቤላ ሰው ፀሐይን የሚያየው ከእኛ ወደ 20 ደቂቃ ገደማ ዘግይቶ ነው። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው በሶማሌ ክልል ምሥራቃዊ ክፍል በሚያልፈው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ በመሆኑም፣ ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ ከሰማዩ እኩሌታ ላይ የምትደርሰው ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን በአማካይ 22 ደቂቃ ያህል አልፎ ነው። ፈረንሳዊው ሊዮን ፉኮ እ.ኤ.አ. በ1851 ፓሪስ ውስጥ ረጅም ፔንዱለም ሰቅሎ የውዝዋዜው መስመር ቀስ በቀስ ሲዞር በማሳየቱ፣ የምድር መሽከርከር ሰማይን ሳይመለከቱ በቤት ውስጥ የሚረጋገጥ ነገር ሆነ።

በሌሊት ሰማይ ላይ ደግሞ የእንዝርቱ ምሳሌ በትክክል ይታያል። በደብረ ብርሃን የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ በላይ ያለው ከፍታ ክንድን ዘርግተው የጨበጡት ቡጢ የሚሸፍነውን ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል። ወደዚያ ፊቱን አዙሮ ሌሊቱን የተቀመጠ ሰው ከዋክብት በዙሪያው ከሰዓት መርፌ በተቃራኒ ሲዞሩ ያያል፤ ያው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ደቡብ ቢመለከት ግን እንደ ሰዓት መርፌ ሲዞሩ ያያቸዋል። ሰማዩ ሁለት ዓይነት አዟዟር ኖሮት አይደለም፤ ሰውየው አንድን ሽክርክሪት ከሁለት ወገን ማየቱ ነው።

ምድር ፀሐይን መዞሯን በዓይን ለመለየት ከአንድ ሌሊት የሚበልጥ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ነገር ግን አስቸጋሪ አይደለም። ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ በአንድ መስመር የተደረደሩት ሦስቱ ከዋክብት በጥቅምት አጋማሽ ከምሥራቅ አድማስ ብቅ የሚሉት ከምሽቱ ወደ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ በኅዳር አጋማሽ ደግሞ ወደ 2 ሰዓት ገደማ ይወጣሉ፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ሲመሽ ቀድመው ወጥተው ይጠብቃሉ። በየሌሊቱ 4 ደቂቃ ያህል ይቀድማሉ ማለት ነው። ምክንያቱ የሁለቱ እንቅስቃሴዎች አቅጣጫ መመሳሰል ነው። ምድር ከዋክብትን መለኪያ አድርገን ስናያት አንድ ዙር የምትጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ ነው፤ ነገር ግን በዚያው ጊዜ ውስጥ በፀሐይ ዙሪያ ባላት ምሕዋር ላይ አንድ ዲግሪ ያህል ስለተራመደች፣ ያው ቦታ እንደገና ከፀሐይ ትይዩ እንዲሆን ወደ 4 ደቂቃ ገደማ ተጨማሪ መሽከርከር አለባት። የምንኖርበት የ24 ሰዓት ቀን የተገኘው እንዲህ ነው። ምድር የምትሽከረከረው ወደ አንድ ወገን፣ ፀሐይን የምትዞረው ደግሞ ወደ ተቃራኒው ቢሆን ኖሮ፣ ከፀሐይ እስከ ፀሐይ የሚቆጠረው ቀን ከከዋክብቱ ቀን ያጥር ነበር እንጂ አይረዝምም ነበር።

ከዚህ የሚከተል፣ ለእኔ ሁልጊዜ የሚደንቀኝ አንድ ነገር አለ። ምድር ከፀሐይ በአማካይ 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ በሴኮንድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። እኩለ ሌሊት ላይ ፊቱን ወደ አንኮበር አዙሮ የቆመ የደብረ ብርሃን ሰው በግምት ምድር ወደምትጓዝበት አቅጣጫ እያየ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሽክርክሪቱም ዙረቱም የሚወስዱት ወደ አንድ ወገን ነው። ንጋት ላይ የጉዞው አቅጣጫ ከአናቱ በላይ ይሆናል፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ሽክርክሪቱ ሰውየውን ከምድር ዙረት በተቃራኒ ይመልሰዋል። ተወርዋሪ ከዋክብት ከእኩለ ሌሊት በኋላ በብዛት የሚታዩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የንጋቱ ወገን የምድር ግንባር ስለሆነ በጠፈር ያለውን ብናኝ ፊት ለፊት የሚገጥመው እርሱ ነው።

አሁን ወደ የኔታ ጥያቄ ልመለስ። ያን ምሽት አስቀድሜ ያልኳቸው «የኔታ፣ ጨረቃን በአንድ ሌሊት ሳይሆን በአሥራ አምስት ምሽት፣ ሁልጊዜ ፀሐይ እንደገባች ይመልከቷት» ነበር። አዲስ የወጣች ጨረቃ ፀሐይ እንደጠለቀች የምትታየው በምዕራብ፣ በጃማ ሸለቆ በኩል፣ ዝቅ ብላ ነው፤ በእኛ አገር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ እንደ ታንኳ ተጋድማ ትታያለች። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ከፍ ብላ ትገኛለች፤ በሦስተኛው ቀን ይበልጥ ከፍ ትላለች። በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ምሽት ግማሿ በርቶ ከአናታችን በላይ ናት፤ ሙሉ በምትሆንበት ቀን ደግሞ ፀሐይ ስትገባ እርሷ በተቃራኒው ከአንኮበር በኩል ብቅ ትላለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከምዕራብ አድማስ ተነሥታ ምሥራቅ አድማስ ደረሰች ማለት ነው። ይህ ነው የጨረቃ የራሷ ጉዞ፤ በቀን 13 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ። በዚህም ምክንያት በየቀኑ የምትወጣው ከቀደመው ቀን በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው፤ ከሙሉ ጨረቃ በኋላ የማታው ጨለማ እየረዘመ የሚሄደው ለዚህ ነው፤ እርሷ ወደ ምሥራቅ እየራቀች ስለሄደች ምድር እርሷ ያለችበት ለመድረስ በየቀኑ ትርፍ መሽከርከር ያስፈልጋታል።

ታዲያ በአንዱ ሌሊት ውስጥ ለምን ወደ ምዕራብ ትሄዳለች? ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው መልሱን በመስኮቱ አይቶታል። በመንገዱ ዳር ወደ ጣርማ በር፣ ማለትም አውቶቡሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ፣ በእግሩ የሚጓዝ ሰው አለ እንበል። ከመስኮቱ ሲታይ መንገደኛው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወደ ኋላ ስለቀረ ግን ወደ ኋላ እየሄደ ነው የሚል ተሳፋሪ የለም። ከመንገደኛው አጠገብ የቆመው ባሕር ዛፍ ደግሞ ከእርሱ ይልቅ ፈጥኖ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ዛፉ ቆሟልና። አውቶቡሱ ምድር፣ መንገደኛው ጨረቃ፣ ባሕር ዛፎቹ ከዋክብት ናቸው። የምድር ሽክርክሪት በሰዓት 15 ዲግሪ ሲሆን የጨረቃ ዙረት በሰዓት ግማሽ ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ ጨረቃም ከዋክብትም ወደ ምዕራብ ይሸሻሉ፤ ጨረቃ ግን ከከዋክብቱ ትንሽ እየዘገየች። መንገደኛው አውቶቡሱን የሚቀድም ሞተረኛ ቢሆንስ? እንዲህ ያለም ጨረቃ አለ። ከማርስ ሁለት ጨረቃዎች አንዱ የሆነው ፎቦስ ማርስን የሚዞረው በ7 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ሲሆን ማርስ ራሷ አንድ ዙር ለመሽከርከር ከ24 ሰዓት በላይ ይፈጅባታል፤ ስለዚህ ማርስ ላይ ለሚቆም ሰው ፎቦስ የሚወጣው በምዕራብ፣ የሚገባው በምሥራቅ ነው። የሚዞርበት አቅጣጫ ከእኛዋ ጨረቃ የተለየ አይደለም፤ የተለየው የፍጥነቱ ብልጫ ነው።

የኔታ ይህን ሲሰሙ ነገሩን ወደ ራሳቸው ቁጥር ወሰዱት። በባሕረ ሐሳብ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነው፤ ከ365ቱ ሲቀነስ 11 ቀን ይቀራል፤ ጥንተ አበቅቴ የሚባለው ይኸው 11 ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላ ጨረቃና ፀሐይ እንደገና ስለሚገናኙ ንዑስ ቀመር 19 ዓመት ሆነ፤ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ 235 የጨረቃ ወራት አሉ። ይህ ሁሉ ስሌት የቆመው ከሠርቅ እስከ ሠርቅ፣ ማለትም ከአዲስ ጨረቃ እስከ አዲስ ጨረቃ፣ ባለው የ29 ቀን ተኩል ወር ላይ ነው። «የልጅሽ መጽሐፍ ግን 27 ይላል» አሉኝ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ልዩነቱን የፈጠረውም አሁንም የአቅጣጫው መመሳሰል ነው። ጨረቃ ከአንድ ኮከብ ተነሥታ ወደዚያው ኮከብ የምትመለሰው በ27.3 ቀን ነው፤ በእነዚያ ቀናት ግን ምድር ራሷ በፀሐይ ዙሪያ ወደዚያው ወገን 27 ዲግሪ ያህል ሄዳለች፤ ጨረቃ እንደገና በፀሐይና በምድር መካከል ለመግባት ያንን መከታተል ስላለባት ከሁለት ቀን በላይ ትጨምራለች። ሊቃውንቱ ለዘመናት የቆጠሩት ወር የምድርን ዙረት በውስጡ ያዘለ ነው።

የጨረቃን አቅጣጫ በአንድ ማለዳ ውስጥ ያየንበት ጊዜም አለ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ቅርጽ ያለው የፀሐይ ግርዶሽ በኢትዮጵያ ሲያልፍ፣ የጨረቃ ጥላ ከመካከለኛው አፍሪካ ተነሥቶ በደቡብ ሱዳን በኩል ወደ አገራችን ገባ፤ በላሊበላ ላይ አልፎም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ የመን ሄደ። በሰሜን ሸዋ ፀሐይዋ የተሸፈነችው በከፊል ነበር። ጥላው የተጓዘው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መሆኑን ልብ ይሏል። እዚህ ላይ አንባቢ «አውቶቡሱ ከመንገደኛው ይፈጥናል አላልሽም ነበር? ታዲያ ጥላው እንዴት ምድርን ቀደማት?» ቢል ተገቢ ጥያቄ ነው። በማዕዘን ሲለካ ምድር ትፈጥናለች፤ በኪሎ ሜትር ሲለካ ግን ጨረቃ ትበልጣለች። ጨረቃ በሴኮንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች፤ በእኛ አካባቢ መሬቱ በሽክርክሪቱ የሚጓዘው ግን በሴኮንድ ግማሽ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ስለምትርቅ ያ ፍጥነት ለዓይናችን ትንሽ ማዕዘን ሆኖ ይታያል፤ የፀሐይ ጨረር ግን ከሩቅ ስለሚመጣ ጎን ለጎን በመሆኑ ጥላዋን ምድር ላይ የሚጥለው በሙሉ ፍጥነቷ ነው። ስለዚህ ጥላው መሬቱን ከኋላው ደርሶ ያልፈዋል።

የቀረው የጨረቃ የራሷ ሽክርክሪት ነው፤ ከአራቱ ሁሉ ለመረዳት የሚከብደውም እርሱ ይመስለኛል። ጨረቃ ሁልጊዜ አንዱን ፊቷን ብቻ ስለምታሳየን ብዙ ሰው አትሽከረከርም ብሎ ይደመድማል። እኔ የገባኝ በልጅነቴ መንዝ ውስጥ አጎቴ ዘንድ አውድማ ላይ ሳለሁ ነው ለማለት እደፍራለሁ፤ ስሙን ያወቅሁት በኋላ ቢሆንም። በሬዎቹ ገብሱን እያበራዩ ወደ ግራ እየታጠፉ ይዞራሉ፤ አጎቴ አለንጋውን ይዞ መሀል ቆሟል። ለእርሱ የሚታየው ሁልጊዜ የበሬው ግራ ጎን ብቻ ነው፤ የቀኝ ጎኑን ከመሀል ሆኖ አያየውም። እኔ ግን የገለባው ክምር ላይ ተቀምጬ ስመለከት፣ ያው በሬ በአውድማው ምሥራቅ በኩል ሲያልፍ ጭንቅላቱ ወደ ሰሜን ነው፤ በሰሜን በኩል ሲደርስ ወደ ምዕራብ ዞሯል፤ በምዕራብ በኩል ወደ ደቡብ፣ በደቡብ በኩል ወደ ምሥራቅ። አንድ ጊዜ ሲዞር እርሱ ራሱም አንድ ጊዜ ሙሉ ተሽከርክሯል፤ ያውም በዞረበት አቅጣጫ። በሬው ባይሽከረከር ኖሮ ጭንቅላቱ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን እንደሆነ ወደ ጎንና ወደ ኋላ እየሄደ መዞር ነበረበት፤ ያኔ አጎቴ ሁለቱንም ጎኑን ያይ ነበር። ጨረቃም በ27.3 ቀን ምድርን ትዞራለች፤ በ27.3 ቀንም በዛቢያዋ ላይ አንድ ጊዜ ትሽከረከራለች። ምሕዋሯ ፍጹም ክብ ስላልሆነና ዛቢያዋም ጥቂት ስለሚያዘነብል በጊዜ ብዛት ከገጿ 59 በመቶ ያህሉን ለማየት ይቻላል፤ ቀሪውን የሰው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሉና 3 የተባለችው የሶቪየት መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1959 ፎቶግራፍ ባነሣች ጊዜ ነው። ሁለቱ ጊዜያት እንዲህ የተስማሙት በአጋጣሚ አይደለም፤ የምድር ስበት ጨረቃን ሳብ እያደረገ በጥንት ዘመን የነበራትን ፈጣን ሽክርክሪት ስላዘገመው ነው።

አራቱ እንቅስቃሴዎች ለምን ወደ አንድ ወገን ሆኑ ቢባል፣ መነሻቸው አንድ ስለሆነ ነው። ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፀሐይና ፕላኔቶች የተሠሩበት የጋዝና የአቧራ ደመና በዝግታ ይሽከረከር ነበር፤ በራሱ ስበት እየተሰበሰበ ሲጠብም ሽክርክሪቱ ፈጠነ፤ እንደ ምጣድም ጠፍጥፎ ተዘረጋ። ከዚያ የወጡት ፕላኔቶች ሁሉ ፀሐይን የሚዞሩት ደመናው ይሽከረከርበት በነበረው አቅጣጫ ነው። ጨረቃም፣ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች እንደሚቀበሉት፣ አንድ ትልቅ አካል ከጨቅላዋ ምድር ጋር ተጋጭቶ ከተበተነው ፍርስራሽ የተሠራች ናት። ሕጉ ግን ፍጹም አይደለም፤ እኛ የአጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስ በራሷ ዛቢያ ላይ የምትሽከረከረው በተቃራኒው፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው፤ ኡራነስም በጎኑ ተጋድሞ ይሽከረከራል።

ምድር ከጨረቃ ዙረት ፈጥና ወደዚያው ወገን መሽከርከሯ እስከ ዛሬ የሚቀጥል ውጤት አለው። ጨረቃ የውቅያኖስን ውኃ ወደ ራሷ ስትስብ የሚፈጠረውን እብጠት የምድር ሽክርክሪት ወደ ፊት፣ ወደ ምሥራቅ ይወስደዋል፤ እብጠቱም ከጨረቃ ቀድሞ ስለሚገኝ ጨረቃን ወደ ፊት ይጎትታታል። እርሷ ከዚህ ባገኘችው ጉልበት ቀስ በቀስ ትርቃለች፤ ምድር ደግሞ ያንኑ ከራሷ ስለምታጎድል ትዘገያለች፤ የቀኑ ርዝመት በ100 ዓመት ውስጥ በ2 ሺሕኛ ሴኮንድ ያህል ይጨምራል። የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች እ.ኤ.አ. በ1969 ጨረቃ ላይ ባስቀመጡት መስተዋት ላይ የጨረር ብርሃን ከምድር ተልኮ የሚመለስበት ጊዜ ሲለካ፣ ጨረቃ በዓመት 3.8 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደምትርቅ ታውቋል። ዙረቷ ተቃራኒ ቢሆን ኖሮ ያው እብጠት ወደ ኋላ እየጎተተ ወደ ምድር ያቀርባት ነበር።

የኔታ ይህን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ በዚያው ሌሊት በዓይን የሚታይ ማስረጃ ፈለጉ። ጨረቃዋ ለመሙላት አንድ ቀን ቀርቷት ነበር፤ ከአጠገቧም አንድ ደማቅ ኮከብ ሊነካት ምንም ያህል ሳይቀረው ይታይ ነበር። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ክንዳቸውን ዘርግተው በትንሿ ጣታቸው ለኩ፤ በሁለቱ መካከል ጣት የሚያስገባ ቦታ አልነበረም። እኛ የቆምንበት መሬት ራሱ ወደ ምሥራቅ ስለሚወስደን የጨረቃ እርምጃ በከፊል እንደሚሸሸግ፣ ስለዚህም ብዙ እንዳይጠብቁ ነግሬያቸው ወደ ቤታቸው ገቡ። በ5 ሰዓት ጋቢያቸውን ተከናንበው ተመለሱ። ውርጩ አጥሩን አንጥቶት ነበር። ኮከቡ ወደ ምዕራብ ቀድሞ፣ ጨረቃዋ በስተ ምሥራቅ ቀርታ፣ በመካከላቸው ጥቁር ሰማይ ተከፍቷል። የኔታ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን ዘረጉ፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞረው «አንድ ጣት ተኩል» አሉ።